እሳቱን ማን ለኮሰው

ሰብለወንጌል ውሸት አይሆንላትም። ያን ዓርብ ግን ዓይኗን በጨው አጥባ አሠሪዋን ማዳምን ዋሸቻት። ወንድምና እህቴ ኳስ ሊያዩ ከኢትዮጵያ መጥተዋል፣ ዛሬ ቀደም ብዬ ልውጣ አለቻት። ወንድምና እህቷ መምጣታቸው እውነት ነው። ኳሱም እውነት ነው፣ የዓለም ዋንጫው ከተማውን ሁሉ በባንዲራ አሳብዶታል። ውሸቱ የመጡበት አገር ላይ ነው። ከእስራኤል ነው የመጡት። እንግዲህ ዶሃ፣ አል ዱሃይል ሰፈር ተቀምጦ፣ ያውም የማዳም ባል እናት ከጧት እስከ ማታ ዜና ከፍተው የፍልስጤምን ነገር እያዩ እንባቸውን በሚጠርጉበት ቤት፣ ወንድሜ ከእስራኤል መጣ የሚባል ነገር አይታሰብም። እሷም ብትሆን አሮጊቷን ትወዳቸዋለች፣ ልታስከፋቸው አትፈልግም። ስለዚህ ዋሸች። ማዳምም ክፉ ሰው አይደለችምና ምሳውን ለፊሊፒናዊቷ አስረክቢና ያላ ሂጂ፣ ሲመሽ ግን እንዳትቀሪ ብላ ለቀቀቻት።

ነገሩ ከሥሩ እንዲህ ነው። አባቷ ጋሽ ዘርሁን ሁለቴ አግብተዋል። የመጀመሪያዋ ሚስታቸው ክርስቲያን ነበረች፤ ሰብለወንጌልን ወለደች፣ ስም አወጣችላት፣ ከዚያ ተለያዩ። ሁለተኛዋ እንደሳቸው ከቤተ እስራኤል ወገን ነበረች፤ ሶፎንያስንና ሶሊያናን ወልዳ፣ ሶሊያና ገና ጡት ሳትጥል እናትየዋ ሞተች። ታዲያ ማን ያሳድጋቸው? ሰብለወንጌል ራሷ ገና ልጅ ሆና እናት ሆነች። አንዷን አዝላ አንዱን እየጎተተች፣ የደረቀውን እህል በራሷ ጥርስ አላምጣ እያጎረሰች አሳደገቻቸው። እታለም ነው የሚሏት እስከ ዛሬ።

ጎንደር ከተማ ስንት ዘመን ወደ እስራኤል ለመሄድ ወረፋ ጠብቀው የጉዞው ቀን ሲደርስ የአባቷና የሁለቱ ልጆች ስም ተጠራ፣ የሷ ቀረ። የሚቆጠረው የእናት ዘር ነው ተባለች። አውቶቡሱ ሲነሳ ሶሊያና በመስኮቱ ግማሽ አካሏን አውጥታ ስትጮህ የሰፈር ሰው ሁሉ አብሮ አለቀሰ። ሰብለወንጌል ግን እዚያ አላለቀሰችም፤ ቤት ገብታ የልጆቹን ልብስ ስታይ ነው የፈነዳችው። ከዚያ በኋላ እሷም ባዶ ቤት ምን ልስራ ብላ ወደ ዓረብ አገር ወጣች።

እስራኤል የሚባለው ሕዝብ ባንድ ልብ የሚያስብ ይመስላት ነበር። ኧረ ወዲያ! ሰንበት አክባሪው ሰንበት ከማያከብረው፣ ወታደር የሚሆነው ቀኑን ሙሉ መጽሐፍ ከሚያጠናው ጋር ዓይንና ናጫ ነው። ልጆቿ እዚያ ሲደርሱ ሁለት አገር ሆኑ። ሶፎንያስ የሃይማኖት ትምህርት ቤት ገባ፣ ጥቁር ባርኔጣ አደረገ፣ ምግብ እንደ አይሁድ ህግ መሠራቱን የሚቆጣጠር ሆነ። ሶሊያና ወታደር ሆና አገልግላ፣ ቴልአቪቭ ሆስፒታል ነርስ ሆነች፣ ሰንበትን ባህር ዳር ተኝታ ታሳልፋለች። በያንዳንዱ ምርጫ እሱ ድምፁን ለሃይማኖተኞቹ ፓርቲ፣ እሷ እነሱን ለሚቃወሙት ትሰጣለች። ይሄ ሁሉ ይቻል ነበር። የባሰው ኦሌግ የሚባል ልጅ ስታገባ መጣ። የኦሌግ አባት አይሁድ ነው፣ እናቱ ሩሲያዊት ናት። እዚያ አገር ደግሞ ሠርግ በራቢዎች፣ በሃይማኖት አባቶቹ እጅ ነው፤ ራቢዎቹ ያልተቀበሉት ጥንድ ቆጵሮስ ሄዶ ተፈራርሞ ይመለሳል። ሶሊያናም ቆጵሮስ ሄደች። ተመልሳ በደገሰችው ድግስ ላይ ሶፎንያስ አልተገኘም። ወደፊትም ቤቷ እንደማይበላ፣ ሰውዬውንም እንደማያውቀው ላከባት። ከዚያ ወዲህ አይነጋገሩም።

በመሀል የተጎዱት ጋሽ ዘርሁን ናቸው። ኩላሊታቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል። ልጆቻቸው በተራ ነው የሚጠይቋቸው፦ ሰንበትን እሱ፣ እሁድን እሷ፣ አንዱ ባለበት አንዱ አይደርስም። በቀደም ለሰብለወንጌል ሲደውሉ ድምፃቸው ልስልስ ብሎ፣ እነዚህን ልጆች ባንድ ሰንበት ባንድ ገበታ ሳላይ እንዳልሞት እፈራለሁ አሏት። እኔን ከሰሙኝ ቆየ፣ አንቺን ግን ይሰማሉ አሏት። እሷም እሺ አባባ አለች። እሺ ማለት ቀላል ነው!

እንግዲህ የእግዜር ነገር፣ ኳሱ መጣ። ለኳሱ ሲባል ብቻ ከቴልአቪቭ ዶሃ ቀጥታ አውሮፕላን ተፈቀደ። ሶፎንያስ ከአንድ የሃይማኖተኞች የጉዞ ቡድን ጋር ምግባቸውን ሊቆጣጠር መጣ፤ ሶሊያና ትኬት ገዛች፣ ኳስ እንኳ አትወድም፣ እታለምን ልይ ብላ ነው። ሁለቱም ለየብቻ ደወሉላት፣ እሷም ለሁለቱም ዓርብ ከምሳ በኋላ ፊሪጅ ቢን ማሕሙድ ሰፈር ጓደኛዬ ቤት ና፣ ነይ አለቻቸው። ሌላኛው እንደሚመጣ ግን ትንፍሽ አላለችም። ሶፎንያስ ሙሸይሪብ ሰፈር ያለው ሆቴሉ ፀሐይ ሳትጠልቅ መድረስ አለበት፣ ሰንበት ይገባበታል። ሶሊያና እሁድ ትበራለች። ያለቻት ያቺው ዓርብ ናት፣ ያቺም ግማሿ።

ጓደኛዋ ዓዚዛ ናት፣ የወሎ ልጅ፣ በሰዓት እየተከፈላት ቤት እያጸዳች የምትኖር። ከሌሎች ሁለት ሴቶች ጋር የተከራየችው አንድ ክፍልና ሁለት ዓይን ያላት የጋዝ ምድጃ አለቻት። ሰብለወንጌል ወንድሟ የማንም ሰው ዕቃ ውስጥ የተሠራ እንደማይበላ ታውቃለች፤ ስለዚህ አዲስ ድስት ገዛች፣ አዲስ ጭልፋ፣ አዲስ ሳህን። ሥጋ ቀርቶ ምስር ወጥ ይሁን አለች። ምስሩን ሦስቴ ለቀመችው። ዓዚዛ በሳቅ ሞተች፤ ሙሽራ ነው እንዴ የሚመጣው አለቻት። ሰብለወንጌል ግን ሽንኩርቱን አቁላልታ፣ በርበሬውን ጨምራ፣ ምስሩን ጥዳ፣ ልቧ በኩራት ሞልቶ ነበር። በዚህ እንኳ እንከን አያገኝብኝም አለች።

መጀመሪያ የደረሰው ሶፎንያስ ነው። ትቷት የሄደው ልጅ ጢም አውጥቶ፣ ባርኔጣውን አውልቆ ተራ ኮፍያ አድርጎ በሩ ላይ ቆመ። "እታለም" አለ። እሷም አንገቱን አቅፋ እንደ ሕፃን አወዛወዘችው። ገና እንባቸውን ሳይጠርጉ በሩ ተንኳኳና ሶሊያና ገባች፤ ፀጉሯን ተቆርጣ፣ መነጽር ግንባሯ ላይ ሰክታ። እታለም ላይ ዘላ ተጠመጠመች። ከዚያ በእታለም ትከሻ ላይ ወንድሟን አየችው። ክንዷ ሲደርቅ ሰብለወንጌል ታወቃት።

ሶሊያና ይሄ ወጥመድ ነው አለች፣ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ። ሶፎንያስም ኮፍያውን አስተካክሎ ሊሄድ ነበር። ዓዚዛ ግን በሩ ላይ ተገትራ፣ ከኔ ቤት ሳይበላ የሚወጣ ሰው አላይም አለች። ሴቲቱ ደልደል ያለች ናት፣ በሩም ጠባብ ነው። ተቀመጡ፤ እሱ በአንዱ አልጋ ጫፍ፣ እሷ በሌላው አልጋ ጫፍ፣ ስልካቸውን እያዩ።

ሶፎንያስ የወጡ ሽታ ሲደርሰው ቀና አለ። የምድጃውን ነገር እያየ ቆየና ፈራ ተባ እያለ ተነሳ። ምስሩ በስሏል ወይ ብሎ ጠየቀ። ገና ነው፣ አሁን ነው የጣድኩት አለችው። እሳቱን ማን ለኮሰው አለ። እኔ ነኛ፣ ማን ይለኩስልኛል አለችው። ሁሉም ነገር አዲስ ነው የኔ ጌታ፣ ድስቱም ጭልፋውም ብላ የዋጋ ወረቀቱን ሳይቀር አሳየችው።

እሱ ወደ ምድጃው ተጠጋ። ከዚያ ድስቱን አወረደ፣ እሳቱን አጠፋ፣ መለኮሻውን ከሷ ተቀብሎ መልሶ ለኮሰ፣ ድስቱንም በራሱ እጅ ጣደ። ማንንም ሳያይ ነው ያደረገው፣ ቶሎ ቶሎ። ሰብለወንጌል ምንም አልገባትም፤ የጋዙ ነገር አልጣመው ይሆናል ብላ ዝም አለች።

ሶሊያና ግን ገብቷታል። ከአልጋው ተነስታ መጣች።

"ንገራት" አለችው። "ለምን እንዳጠፋኸው ንገራት።"

"ሶልዬ ተይው" አለች ሰብለወንጌል።

"አልተወውም። ምን ብሎ እንደሚያስብሽ ይንገርሽ። እኔን በነገረኝ አፉ ላንቺም ይንገር።"

ሶፎንያስ ፊቱን በእጅጌው ጠረገ። ህጉ ነው እታለም አለ፣ ወደ ምድጃው ዞሮ። አይሁድ ያልሆነ ሰው በለኮሰው እሳት የበሰለ ወጥ እኛ አንበላም፤ ከመብሰሉ በፊት አንዳችን እሳቱን ከለኮስን፣ ድስቱን ከጣድን ግን ይቻላል። ለዚህ ነው፣ ሌላ ነገር የለውም አላት።

ሌላ ነገር የለውም! ሰብለወንጌል ጭልፋውን እንደያዘች ቀረች። ከሷ አፍ ወጥቶ ወደሱ አፍ የገባው ምግብ ሁሉ ታወሳት። ያን ጊዜ ስንት እሳት ለኩሳለት ነበር። ቁጣ አልመጣ አላት፣ ግን አመማት። ያኔ በአውቶቡሱ ቀን ተለይታ ስትቀር አንድ ቢሮ ነው ያስቀረኝ ብላ ነበር የምትጽናናው። አሁን ደግሞ የገዛ ልጇ ከነሱ አለመሆኗን ነገራት። እሱም አየ መሰለኝ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ያን ጊዜ ዓዚዛ ለራሷ ወጥ ሽንኩርት እየላጠች፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆና ገባችበት። ይሄ ምን ያጣላል አለች። እኛ አገር ክርስቲያን ጎረቤት ሲደግስ ለእስላሙ በሬ ለብቻ ያዘጋጃል፤ የኛ ሰው ሄዶ በራሱ እጅ ያርዳል፣ የኛ ሴቶች በራሳቸው ድስት ይሠራሉ፣ ድንኳኑም ለብቻ ነው። እኛም ስንደግስ ለነሱ እንዲሁ ነው። አንዱ የአንዱን ሥጋ አይቀምስም፣ ግን ከሠርጉ የሚቀር የለም፤ ጭፈራው ላይማ ማን ከማን እንደሆነ እንኳ አይታወቅም አለች። ይሄን ብላ ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች።

ሰብለወንጌል ሰማቻት። ሰማቻትና ሕመሟ ባንዴ ወደ ሌላ ነገር ዞረ። ሶፎንያስን ክንዱን ይዛ አልጋው ላይ አስቀመጠችውና አጠገቡ ቁጭ አለች።

"ስማኝ የኔ ልጅ" አለችው። "እኔ አይሁድ አይደለሁም፤ አውቃለሁ፣ እናቴን አውቃታለሁ። አንተ ግን ህግህንም ሳትጥል እኔንም ሳትጥል የእጄን የምትበላበት መንገድ ፈለግህ። ፈልገህም አገኘህ። ለእህትህስ ሠርግ መንገድ ፈልገህ ነበር?"

ሶፎንያስ ሊነሳ ሲል ክንዱን ያዝ አደረገችው።

"የራስህን ምግብ ቋጥረህ መሄድ አትችልም ነበር? በር ላይ ቆመህ እንኳን ደስ አለሽ ብለህ ብትመለስስ? እኔና ያ ልጅ እኮ አንድ ነን። የኔም እናት የሱም እናት ከናንተ አይደሉም። እኔን እታለም ስትለኝ እሱን አላውቀውም የምትለው በምን ሒሳብ ነው?"

ምስሩ መፍላት ጀምሯል። ሶፎንያስ ጣቶቹን እያፍተለተለ አልፈለግሁም አለ፣ በቀስታ። መንገድ አልፈለግሁም፤ ፈርቼ ነበር። ከዚያ ለማንም ያልነገረውን ነገር አወጣ። ሠርጉ በነበረበት ሰሞን አንድ ዳቦ ቤት በምግብ ተቆጣጣሪነት አዲስ ተቀጥሮ ነበር። ጧት ጧት የምድጃውን እሳት መለኮስ የሱ ሥራ ነው። አንድ ቀን የረሳውን ሊወስድ ሲመለስ ዋናው ተቆጣጣሪ እሱ የለኮሰውን አጥፍቶ እንደገና ሲለኩስ አገኘው። ለምን ሲለው፣ ስለናንተ ስለ ኢትዮጵያውያን አይሁድነት ጥያቄ አለ፣ ለጥንቃቄ ነው አለው። በየቀኑ እሱ ይለኩሳል፣ ሰውዬው ከኋላው ያጠፋል፣ ይለኩሳል። የእህቴ ባል አይሁድ እንዳልሆነ፣ ሠርጉ ላይም መገኘቴን ቢሰሙ ያቺኑም ሥራ ያሳጡኛል ብዬ ፈራሁ አለ።

"እና ምን አደረግክ?" አለችው ሶሊያና። ድምፅዋ ተለውጧል።

"ምን አደርጋለሁ? በየጧቱ እየሄድኩ ለኮስኩ።"

"ለምን አልነገርከኝም? መጥቼ ያንን ዳቦ ቤት ገለባብጬው ነበር።"

"አንቺ እኮ አታናግሪኝም።"

ሶሊያና ሄዳ አጠገቡ ቁጭ አለች፣ በትከሻዋ ገፋ አደረገችው። እሱም ገፋት፣ ድሮ ጎንደር ባንድ ፍራሽ ሲተኙ እንደሚገፋፉት። ሶሊያና ታለቅስ ነበር፣ ደግሞ በንዴት፣ ያንን ተቆጣጣሪ በዕብራይስጥ እየሰደበች። ሶፎንያስ በሰንበት ዋዜማ እንዲህ አይባልም አላት፤ እሷም ገና ፀሐይ አለ አለችና መስደቧን ቀጠለች። ሰብለወንጌል ስድቡ ባይገባትም ጣማት።

ሶፎንያስ እሳቱ በኔ እጅ አይደለም እንዴ ብሎ ተነስቶ ወጡን አማሰለ። ዓዚዛ ጨው ቅመስ አለችው። ደርሷል ሲባል ሰብለወንጌል በአዲሶቹ ሳህኖች አቀረበች፤ እሱ ባርኮ በላ፣ ሶሊያናም በላች፣ ዓዚዛም የኔ ሽንኩርት ምን ሊሆን ነው እያለች በላች። ሰብለወንጌል ራሷ ብዙ አልበላችም፤ ስታያቸው ነበር። ሶፎንያስ ሲበላ አሁንም ግራ ጉንጩን ይሞላል፣ ሶሊያና አሁንም ቃሪያውን እየለቀመች ወደሱ ሳህን ትጥላለች።

ፀሐይዋ ወደ ሕንጻዎቹ ስታዘቀዝቅ ሶፎንያስ ተነሳ። በእግሬ እደርሳለሁ አለ። ሰብለወንጌል ዋናውን ነገር አሁን ካላነሳችው ይቀራል ብላ የአባባን ቃል ነገረቻቸው፤ ባንድ ሰንበት ባንድ ገበታ ያሉትን፣ ፈራሁ ያሉትን ሁሉ።

ሶሊያና ናት መጀመሪያ የተናገረችው። የሚመጣው ዓርብ ማታ አባባ ቤት እመጣለሁ፣ መኪናዬን እስከ ቅዳሜ ማታ አላስነሳም፣ ስልኬንም አላወጣም አለች፣ ይሄን ያህል እችላለሁ። ግን ኦሌግን ቤት ትቼ አልመጣም። ወንድሟንም ትክ ብላ አየችው።

ሶፎንያስ ጢሙን አሻሸ። "ቀድሜ ሄጄ ምግቡን እኔ እጥዳለሁ" አለ። "ኦሌግ በርበሬ ይችላል?"

ስሙን ሲጠራ የመጀመሪያው ነው። ሶሊያና አዎ ለማለት ጭንቅላቷን ነቀነቀች። እንባዋን በመዳፏ እየጠረገች፣ እንግዲያውስ ልክ ሆንን አለች። አባባ ሁልጊዜ አራት ሳህን አይደል የሚያቀርበው፤ ለምን እንደሆነ እንኳ ጠይቄው አላውቅም። አንዱ የሱ፣ አንዱ ያንተ፣ አንዱ የኔ፣ አራተኛው ለኦሌግ ይሆናል አለች።

"አይሆንም" አለ ሶፎንያስ።

ሶሊያና ፊቷ ተለወጠ። ሰብለወንጌልም እንደገና ሊበላሽ ነው ብላ ፈራች።

"ለኦሌግ ሌላ እንገዛለን" አለ ሶፎንያስ። "አራተኛውን አባባ አያስነካም። አንዴ ትርፍ መስሎኝ ላነሳው ስል እጄን መታኝ። የሰብሌ ነው አለኝ። እስራኤል ከገባን ቀን ጀምሮ፣ በያንዳንዱ ሰንበት።"

ሰብለወንጌል ከምድጃው አጠገብ ቆማ ነበር። አባባ በስልክ ስለ ኩላሊታቸው፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ ልጆቹ ያወሯታል፤ ይሄን ግን ነግረዋት አያውቁም። እሷ የሰው ቤት ሳህን እያጠበች በኖረችባቸው ዓርቦች ሁሉ አንድ ሽማግሌ እዚያ ማዶ ሳህኗን እያስቀመጡ፣ ባዶውን እያነሱ ኖረዋል። ሳቀች፣ ከዚያ ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረባት፣ መደበቅም አልቻለችም። ሶሊያና መጥታ አቀፈቻት፣ ሶፎንያስም ከላይ ደረበባቸው። ዓዚዛ ፀሐይዋ እኮ አለች፣ እሷም ዓይኗን በሻሿ እየጠረገች።

አብረው ወጡ። ሜትሮው ደጃፉ ላይ ነው፣ ሶሊያና ግን ከወንድሜ ጋር በእግሬ እሄዳለሁ አለች። ሰብለወንጌል እስከ መጨረሻው ደረጃ ወረደች። ጥግ ላይ ሊታጠፉ ሲሉ ጠራቻቸው፣ ሁለቱም ባንዴ ዞሩ።

"ለአባባ ንገሩልኝ" አለቻቸው፣ "ሳህኔን እንዳያነሳ።"